ከመሬት ያልተነሳው ጎማ

ሽታው ከሬሳው ቀድሞ ተቀበላት።

መርማሪዋ የጋራዡን የቆርቆሮ በር ገና ሳታልፍ መሀረቧን ከኪሷ መዘዘች። የነዳጅ ሽታ ታውቃለች፤ የተቃጠለ ጎማም ታውቃለች። ይሄ ግን ሌላ ነው። የገማ እንቁላል ላይ የተለበለበ ፀጉር የነሰነሱበት ይመስላል። በአፍንጫዋ ገብቶ ጉሮሮዋ ላይ ተቀመጠና አልወርድም አለ።

«ምንድን ነው እንዲህ የሚከረፋው?»

«የዲፍረንሻል ዘይት ነው፣ እሜቴ» አለ በሩ ላይ ሲጠብቃት የቆየው ሃምሳ አለቃ። «ልብስ ከነካ አይለቅም። መካኒኮቹ ራሳቸው ልብሱን ይጥሉታል እንጂ አያጥቡትም።»

ጣቢያ ውስጥ ከጀርባዋ «እሜቴ አፍንጫ» ይሏታል። በር በክርኗ ትከፍታለች፤ በሰው ብርጭቆ አትጠጣም፤ የቢሮ ወንበሯን በየጠዋቱ ትወለውላለች። እንዲህ ያለች ተጠያፊ ሴት ሬሳ ሲገለበጥ የሚዋልበትን ሥራ ለምን እንደመረጠች ለማንም ገብቶት አያውቅም። ሲጠይቋት «ስለምጠየፍ ነው የማየው፤ የት እንደምረግጥ ማወቅ አለብኛ» ትላለች።

ዛሬ የምትረግጥበት ጠፋት። ወለሉ በአሮጌ ቅባት ጠቁሮ ከጫማዋ ሥር ይጣበቃል። መሀሉ ላይ አንዲት ቁመተ ረጅም የበረሃ መኪና ቆማለች። ክሪኩ ከኋላዋ በጎኑ ተጋድሟል። ከክሪኩ አጠገብ በሸራ የተሸፈነ ሰው አለ፤ የሸራው ጠርዝ የወለሉን ፈሳሽ ጠጥቶ ከብዷል። አንዱ ደግሞ የጀመረውን ዳቦ የመኪናዋ ኮፈን ላይ ትቶታል። ዝንቦቹ ከዳቦው ወደ ሸራው፣ ከሸራው ወደ ዳቦው ይመላለሳሉ።

«ይሄን ዳቦ የሚያነሳ ሰው የለም?» አለች።

ማንም አላነሳውም።

ሟቹ የጋራዡ ባለቤት ነው። ሠፈሩ ሁሉ «ጆሮ» እያለ ነበር የሚጠራው፤ የታመመ መኪና ከመፈታቱ በፊት በድምፁ ብቻ ሕመሙን ስለሚያውቅ።

«ጉዳዩ ያለቀለት ነው፣ እሜቴ» አለ ሃምሳ አለቃው። «ሰውየው እንደ ልማዱ አንዱን የኋላ ጎማ በክሪክ አስነስቶ ከሥር ገባ። ክሪኩ ሸሸና መኪናዋ ደረቱ ላይ ተቀመጠች። ክሪኩን ያቆመው አማቹ ነው፣ የልጁ ባል። ታኮውን ከፊት ጎማው በስተፊት ማድረግ ሲገባው ከኋላ አድርጎታል። ቸልተኝነት ነው። የእስረኛ መኪናው ለምሳ ሰዓት ይደርሳል።»

አማቹ እጁ በካቴና ታስሮ ከግንቡ ሥር ተቀምጧል። ቱታው ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት በቅባት ጠቁሯል። አጠገቡ የቆመችው ሚስቱ ሆዷ ገፍቶ መውለጃዋ የደረሰ ነው። መርማሪዋን ስታይ መጥታ እጅጌዋን ያዘች። ቅባት የነካ፣ እንባ የጠረገ እጅ ነበር።

«እሜቴ፣ አባቴን ቀብሬ ሳልመለስ ባሌን ሊወስዱብኝ ነው። ይሄ ሆዴ ውስጥ ያለው ማንን ብሎ ይወለድ? አያቱ የለ፣ አባቱ የለ!»

መርማሪዋ እጅጌዋ ላይ የቀረውን ጥቁር የጣት አሻራ አየችው። ክንዷን ግን አልነጠቀቻትም።

«የእስረኛ መኪናው እስኪመጣ ጊዜ አለኝ» አለች።

ከአማቹ ጀመረች። ሰውየው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው። ክሪኩን ያቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ፍርዱን ለዳኛ ተውለትና ሥራውን ንገረኝ። አማትህ ከሥር ገብተው ምን ያደርጉ ነበር?»

«ያዳምጣሉ። ይቺ መኪና የኋላ አክስሏ ሙሉ በሙሉ ተቀይሮ ትናንት ነው የገጠምነው። ጋሼ ደግሞ የገጠሙትን ሳያዳምጡ ለባለቤቱ አይሰጡም። አንዱን ጎማ በክሪክ ያነሳሉ፣ ሞተሩን አስነስተው አንደኛ ማርሽ ያስገባሉ፣ ከዚያ ከሥር ይገቡና የካቻቢቴውን ጫፍ ዲፍረንሻሉ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ጎማው አየር ላይ ይዞራል፤ እሳቸው ይሰማሉ።»

«ማርሽ ገብቶ? መኪናዋ ተስፈንጥራ አትሄድም?»

«ንቅንቅ አትልም! ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ነው የሠሩት።»

«ታኮውንስ?»

«ከፊት ጎማው በስተፊት ነው ያደረግኩት። በእናቴ እምላለሁ።»

«ከኋላ ነው ያገኘነው» አለ ሃምሳ አለቃው ከወደ ጎን።

አማቹ አንገቱን ደፋ። «እንግዲህ… እንጃ። እንደዚያ ከሆነ እጄ ነው የሳተው። ብቻ በስተፊት ያደረግኩ ይመስለኛል። ከዚያ የብየዳ ጭንብሌን አጥልቄ ወደ ጓዳዬ ገባሁ። እዚያ ደግሞ መድፍ ቢተኮስ አልሰማም።»

«ግቢው ውስጥ ሌላ ማን ነበር?»

«አጎቴ የመለዋወጫ መደብሩ ውስጥ፤ ማለቴ የጋሼ ታናሽ ወንድም። ባለ መኪናዋ ደግሞ እንግዳ ማረፊያ ክፍል። በሩ ዝግ ነው፤ ሌላ ሰው አልገባም።»

መርማሪዋ ወደ መኪናዋ ሄዳ አጎነበሰች። ታኮው እውነትም ከፊት ጎማው በስተኋላ ነው የወደቀው። ሃምሳ አለቃውን እንዲያነሳው አዘዘችው፤ እሷ አልነካችውም። እንጨቱ አናቱ ላይ ተጨፍልቋል፤ የጎማው ጥርስ ቁልጭ ብሎ ታትሞበታል።

«ይሄን አየኸው?»

«ቆሻሻ ነው እሜቴ።»

«ቆሻሻማ ነው። ደህና አድርገህ ያዘው።»

ቀጥሎ የሾፌሩን በር በክርኗ ከፈተች። ቁልፉ እንደተሰካ ነው፤ ማርሹ አንደኛ ላይ ነው። ከመሪው ጎን አዲስ ማብሪያ ማጥፊያ ተገጥሟል፤ ጠፍቷል። ከእሱ ዝቅ ብሎ፣ ከመሪው ሥር፣ ጣት የሚያህል ቀጭን ቱቦ የገባበት ትንሽ ነሐስ መሳይ ነገር አለ። አፉ ላይ ቡኒ ጠብታ ተንጠልጥሏል። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው፤ ወዲያው ወደ ኋላ ብላ ሳለች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ወደ አማቹ ዞራ።

«ቫልቭ ነው። ዲፍረንሻሉን የሚቆልፈው አየር በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። አቧራ እንዳያገኘው ብለው ጋሼ ናቸው እዚያ ያስገጠሙኝ። እሳቸውና እኔ ብቻ ነን የምናውቀው፤ ሌላው መካኒክ ሞተሩ አጠገብ ነው የሚያስረው።»

«ዘይት ያልፍበታል?»

«ዘይት? ኧረ በጭራሽ! አየር ብቻ ነው።»

የመኪናዋ ባለቤት መሬት ቀያሽ ናት። ፀሐይ ያከሰላት፣ ነጣ ያለ ጃኬት የለበሰች ወጣት ስትሆን፣ የማረፊያው ክፍል ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጣ ጥፍሯን ትበላለች። ክፍሉን ከጋራዡ የሚለየው የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሲጋራ የተተረኮሰበት የሻይ ብርጭቆ አለ። መርማሪዋ ብርጭቆውን በመሀረቧ ጫፍ ገፋ አድርጋ ቆማ ቀረች።

«ከሟቹ ጋር ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተከራከርን እንጂ አልተጣላንም። የምውለው በረሃ ነው። ባለፈው አሸዋ ውስጥ ተይዤ ውኃዬ ሲያልቅ ሞቴን አይቼ ነው የመጣሁት። አንዱ የኋላ ጎማ ጉድጓድ ላይ ተንጠልጥሎ ይሽከረከራል፤ መሬት የያዘው ደግሞ ቆሞ ያየኛል።»

«ቆሞ ያየኛል ስትዪ?»

«ዲፍረንሻል እንዲህ ነው። መኪና ስትታጠፍ የውጭኛው ጎማ ረጅም መንገድ ይሄዳል፤ ስለዚህ ሁለቱ ጎማዎች እንደየራሳቸው እንዲዞሩ ይለቃቸዋል። ክፋቱ፣ የሞተሩን ጉልበት ሥራ ለቀለለው ነው የሚሰጠው። አንዱ አየር ላይ ከሆነ እሱ ብቻ ይዞራል፤ መሬት ላይ ያለው አይገፋም።»

«ስለዚህ ሟቹ አንዱን ጎማ ብቻ አንስተው ማርሽ ሲያስገቡ መኪናዋ የማትሄደው ለዚህ ነው።»

«ለዚሁ ነው። ስለዚህ ጋሽ ጆሮን ‹ይበይዱልኝና ልገላገል› አልኳቸው፤ ሁለቱም ጎማዎች ሁልጊዜ አንድ ላይ እንዲዞሩ። ‹ብየዳማ መኪናሽን በሬ ያደርጋታል፤ አልታጠፍም ትልሻለች› ብለው ጮሁብኝ። ግማሽ የሚይዝ የሚባል ዓይነት አለ፤ እሱን አልኩ። ‹እሱ ጎበዝ የሚሆነው መንገዱ ደህና ሲሆን ነው› አሉኝ። መጨረሻ በማብሪያ የሚቆለፈውን መረጥን። ሲጠፋ እንደ ድሮው ነው፤ ሲበራ ሁለቱ ጎማዎች እንደ አንድ ብረት ይሆናሉ። ‹ይሄን ካስገባሽ ሴሚያሱም መወፈር አለበት› አሉኝ፤ ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ ማለታቸው ነው። ‹አለዚያ ጉልበቱ ሁሉ ባንዱ ላይ ሲያርፍ እንደ ካሮት ቀጭ ይላል።› ዕቃውን ሁሉ ከወንድማቸው መደብር አዲሱን ገዛሁ።»

«ዛሬ ጠዋትስ ምን አሉሽ?»

ቀያሿ ጥፍሯን ከአፏ አወጣች። «‹ይሄ ነገር አዲስ አይደለም፤ ድምፁ ያረጀ ነው› አሉኝ። ወንድማቸው እዚያው ቆሞ ነበር፤ ሳቀ። ‹ጆሮህ አርጅቶ ነው› አላቸው። እሳቸው ግን ‹ገብቼ ላዳምጠውና፣ ያሰብኩት ከሆነ የሸጥክለትን ሰው ሁሉ ጠርቼ እነግራለሁ› ብለው ከሥር ገቡ። እኔ ወደዚህ መጣሁ።»

«ከዚያ ምን ሰማሽ? እንዳለ ንገሪኝ፣ ሳታሳምሪ።»

«ሞተሩ ቀስ ብሎ ይሠራል። ድንገት እንደማጓራት አለና ዷ! ወለሉ ራሱ ተንቀጠቀጠ። ሞተሩ ጠፋ። ከዚያ ፍስስስ የሚል ነገር ሰማሁ፣ ጎማ ሲተነፍስ እንደሚለው። ከዚያ ነው ወንድማቸው ‹ኧረ የሰው ያለህ!› ብሎ የጮኸው።»

«ፍስስ ያለው ከዷው በኋላ ነው?»

«በኋላ። ጎማ ፈነዳ ብዬ ነበር።»

መርማሪዋ የጃኬቷን እጅጌ ጎንበስ ብላ አሸተተች። ቀያሿ ደንግጣ ሸሸት አለች።

«አይዞሽ» አለች መርማሪዋ። «ላብ ነው የሸተተኝ። ላብ ደህና ነው።»

ስትወጣ ሃምሳ አለቃውን በአራቱም ጎማዎች ላይ እንዲቆምባቸው አደረገችው። ሁሉም እንደ ድንጋይ የጠነከሩ ናቸው።

የመለዋወጫ መደብሩ የኋላ በር የሚከፈተው ልክ በመኪናዋ የሾፌር በር ፊት ለፊት ነው። መርማሪዋ ስትገባ ሌላ ሽታ ተቀበላት። ሽቶ ነው፤ ያውም የተረጨ ሳይሆን የተደፋ። የሟቹን ታናሽ ወንድም ሠራተኞቹ «ሽቶ» የሚሉት በከንቱ እንዳልሆነ ገባት። ሰውየው በታላቅ ወንድሙ የቆዳ ወንበር ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ወንበሩን ከጋራዡ ቢሮ ጎትቶ ያመጣበት መስመር ወለሉ ላይ ይታያል። ወንድሙ ደጅ ሸራ ለብሶ፣ እሱ ወንበር ቀይሯል።

«ያሳዝናል እመቤት» አለ። «ሺህ ጊዜ ነግሬዋለሁ። ክሪክ አይታመንም፣ ያ አማቹ ተብዬም አይታመንም። ግትር ሰው ነበር፣ ነፍሱን ይማረው።»

«እርስዎ የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ዷ ሲል ሮጥኩ። ማየትም አልቻልኩ፤ ዓይኔን ሸፍኜ ነው የጮኽኩት። ደም አልችልም።»

«የዲፍረንሻሉ መቆለፊያ በርቶ ነበር ወይስ ጠፍቶ?»

«ጠፍቶ! ጠፍቶ ነው፤ አይቼዋለሁ። እሱ ምንም ግንኙነት የለውም።»

«እጅዎን በዘይት አይነኩም መሰለኝ።»

ሰውየው ሳቅ አለ። ጣቶቹ ነጭና ለስላሳ ናቸው፤ ቀኝ አንጓው ላይ የቆዳ ማሰሪያ ያለው ሰዓት አስሯል። «እኔ እሸጣለሁ፤ መግጠም የነሱ ነው። ያንን ግማት ማን ይነካዋል!»

ሸሚዙ ነጭ ነው፤ ደረቱ ላይ ገና ከካርቶን እንደወጣ የመታጠፊያው መስመር ይታያል። ከኮሌታው ሥር የተረሳች ስፒል ታበራለች። መርማሪዋ ስፒሏን አየቻት።

«ሸሚዙ አዲስ ነው።»

«ሬሳውን ሳቅፍ ደም ነካኝ። ቀየርኩ።»

መርማሪዋ ወደ መደርደሪያው ዞራ «አዲስ» የሚል ወረቀት የተለጠፈበት የዲፍረንሻል ብረት አየች። ቀለሙ ያብረቀርቃል። የቤቷን ቁልፍ አውጥታ ጥግ ላይ ጫር አደረገችው። ቀለሙ ተላጠና ከሥሩ ጥላሸት ወጣ። ከብረቱ ስንጥቅ ውስጥ ደግሞ ጥፍር የምታህል፣ ቀልጣ የተጣበቀች ጨርቅ ብቅ አለች። አበባ አበባ ያለባት ቀጭን ጨርቅ ናት፤ የልጅ ቀሚስ ነገር።

መሀረቧን አፏ ላይ ጭና ወጣች።

በረንዳው ላይ ሃምሳ አለቃውን ያዘችው። «ባለፈው በበረሃው መንገድ ላይ ተቃጥላ፣ አንድ ቤተሰብ በሙሉ ያለቀባት መኪና ነበረች። ብረቷን ማን ወሰደው?»

«ለቁራሌው ተሽጦ ነበር እሜቴ። ከቁራሌው ደግሞ…» ሃምሳ አለቃው ወደ መደብሩ ዞር ብሎ አፉን ያዘ።

«እኛ እዚህ ስንሰበሰብ መደብሩን ፈትሽ። አሮጌ ሸሚዝ ነው የምትፈልገው። ሽቶ ወደሚበዛበት ሂድ። ሌላም ልጠይቅህ፤ ቀድመህ የደረስከው አንተ ነህ። ወንድምየው ሬሳውን አቅፎ ነበር?»

«እሱ? ከግንቡ ጋር ተለጥፎ ያስታውክ ነበር። ሬሳውን ያወጣነው እኔና አማቹ ነን።»

የእስረኛ መኪናው በር ላይ ደርሶ ጥሩምባውን ሲነፋ፣ መርማሪዋ ሁሉንም በመኪናዋ ዙሪያ ሰብስባ ነበር። ሬሳው ተነስቷል፤ ወለሉ ላይ የቀረው እርጥበት ግን እዚያው ነው። ማንም በእሱ ላይ መቆም ስላልፈለገ ክቡ አንድ ጎኑ ክፍት ሆኖ ቀረ። አማቹ ካቴናው ተፈቶለት ሁለቱንም የኋላ ጎማዎች አንስቶ መኪናዋን በብረት እግሮች ላይ አስቀምጧል። የሟች ልጅ ሆዷን ይዛ በርሜል ላይ ተቀምጣለች።

«ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» አለ ወንድምየው። «ሀዘን ላይ ነን እኮ!»

«ለዚሁ ለሀዘኑ ነው» አለች መርማሪዋ። «ከታኮው ልጀምር። ከፊት ጎማው በስተኋላ ስለተገኘ አማቹ ተሳስቷል ተባለ። አናቱን እዩት፤ ጎማው ወጥቶበት አልፏል። በስተኋላ ቢደረግ ኖሮ ወደፊት የሄደች መኪና እንዴት ትወጣበታለች? በስተፊት ነበር፤ መኪናዋ ረግጣው አለፈችና በስተኋላ ቀረ። ክሪክ የሸሸባት መኪና ትወድቃለች እንጂ ታኮ አትወጣም። ይቺን ሞተሩ ነው የገፋት።»

የሟች ልጅ ወደ ባሏ ዞረች። እሱ ታኮውን አፍጥጦ ያያል።

«ግን ሞተሩ እንዴት ሊገፋት ቻለ? አንዱ ጎማ አየር ላይ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን እንዲያ ሲሠሩ ንቅንቅ ብላባቸው አታውቅም። አንተ፣ መቆለፊያው እንደጠፋ አንዱን ጎማ በእጅህ አዙር።»

አማቹ የቀኙን ጎማ ወደፊት አዞረ። የግራው በተቃራኒው ወደ ኋላ ዞረ።

«እንደየራሳቸው ናቸው። አሁን ሞተሩን አስነሳና መቆለፊያውን አብራ፤ ማርሽ አታስገባ። ወርደህ ድጋሚ አዙር።»

ጎማው ሲዞር ያኛውም አብሮት ወደፊት ዞረ። ቀያሿ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«ተቆልፏል። ጠዋትም እንዲሁ ነበር። ሰውየው ከሥር ተኝተው ሲያዳምጡ አንድ እጅ በመስኮት ገብቶ አበራው። ከመሬት ያልተነሳው ጎማ ያን ጊዜ መሬቱን ቧጥጦ መኪናዋን ከክሪኩ ላይ አወረዳት።»

«ጠፍቶ ነበር እኮ!» አለ ወንድምየው። «ማብሪያው ጠፍቶ ነው የተገኘው!»

«አዎ። እርስዎም አይቻለሁ ብለውኛል። ዓይንዎን ሸፍነው፣ ወንድምዎን እንኳ ማየት አቅቶዎት፣ ማብሪያዋን ግን አዩ።» መርማሪዋ ከቦርሳዋ ነጭ ወረቀት አውጥታ ለቀያሿ ሰጠቻት። «ከመሪው ሥር፣ ቫልቩ አፍ ላይ ያዢልኝ። አንተ አጥፋው።»

አማቹ አጠፋው።

ፍስስስ!

ቀያሿ ጮኸች። «ይሄ ነው! ይሄን ነው የሰማሁት!» ወረቀቱን ስታወጣው መሀሉ ላይ ቡኒ ዘይት ተረጭቶበታል። ሽታው ክቡን ሁሉ መታው፤ የእስረኛ መኪናው ሾፌር ሳይቀር አፍንጫውን ያዘ።

«የሞተ ሰው ማብሪያ አያጠፋም» አለች መርማሪዋ። «ሰውየው ከተጨፈለቁ በኋላ፣ ‹የሰው ያለህ› ከመባሉ በፊት፣ አንድ ሰው እጁን አስገብቶ መቆለፊያውን አጠፋ። ቫልቩም ከመሪው ሥር ባለው ጨለማ እጁ ላይ ተፋበት። ማን ነው? አማቹ ቢሆን ቫልቩን የገጠመው ራሱ ነውና እጁን እዚያ አያስቀምጥም። ቀያሿ ብትሆን ስለ ፍስስታው ባልነገረችኝ፤ እጅጌዋም አሽትቼዋለሁ። የቀረው የማይገጥም፣ የሚሸጥ ሰው ነው። ቫልቭ ሞተር አጠገብ እንጂ መሪ ሥር ይኖራል ብሎ የማያስብ።»

ሃምሳ አለቃው ከመደብሩ በር ላይ ብቅ አለ። ፊቱን ወደ ጎን አዙሮ በሽቦ ጫፍ ነጭ ሸሚዝ አንጠልጥሏል። «ከመደርደሪያው ኋላ እሜቴ። የሽቶ ጠርሙሱን ሙሉ ነው የደፋበት።»

የቀኝ እጅጌው ቡኒ ነው። ሽቶውና ግማቱ ተቀላቅለው ከሁለቱም የባሰ ነገር ወልደዋል።

«ደም የነካው አለ?» አለች መርማሪዋ።

«የደም ጠብታ የለበትም።»

«ሬሳውን አቅፌ ነው ብለውኝ ነበር» አለች ወደ ሰውየው ዞራ። «እጅዎን ታጥበዋል፤ ሸሚዝዎን ቀይረዋል። እስቲ ሰዓትዎን ያውልቁ።»

ሰውየው የቀኝ እጁን አንጓ በግራው ሸፈነ። ሃምሳ አለቃው የቆዳ ማሰሪያውን ፈትቶ ለሟች ልጅ ሰጣት። አሸተተችው። ከዚያ ቀስ ብላ አጎቷን አየችው።

«ቆዳ አይታጠብም፣ አጎቴ» አለች።

«አንድ ነገር ይቀራል» አለች መርማሪዋ። «አማቹን ጠይቄዋለሁ፤ በዚያ ቫልቭ ዘይት አያልፍም። አየር ብቻ ነው። ዘይት የሚያልፈው ዲፍረንሻሉ ውስጥ ያለው የጎማ ቀለበት ሲያረጅ፣ ወይም እሳት ሲበላው ነው። መደርደሪያዎ ላይ ‹አዲስ› የተባለውን ብረት ስጭረው ጥላሸትና የልጅ ቀሚስ ቁራጭ ነው የወጣው፤ ቀያሿ ‹አዲስ› ተብሎ የተሸጠላት መቆለፊያም ቤተሰብ ከተቃጠለበት መኪና የወጣ ነው። ወንድምዎ ያን ሰሙ፤ ገዢዎቹን ሁሉ ጠርቼ እነግራለሁ አሉ። ለዚህ ነው የገደሏቸው። አዲስ ዕቃ ሸጠው ቢሆን ኖሮ ግን ዛሬ እጅዎ ላይ የሚተፋ ነገር አይኖርም ነበር።»

ቀያሿ ከመኪናዋ ሸሽታ ግንቡ ጋ ደረሰች። «በዚህ ነው በረሃ ልትልከኝ የነበረው?»

ሰውየው ከንፈሩን በምላሱ አራሰ። ሲናገር የተሰማው ፀፀት ሳይሆን ብስጭት ነበር።

«ብረት ብረት ነው! ሞቶ ተቃጥሎ አመድ የሆነ ሰው ዲፍረንሻል ምን ይሠራለታል? ሁሉም ይሸጠዋል። እሱ ብቻ ነው ጆሮ አለኝ የሚለው!»

ሃምሳ አለቃው ካቴናውን ሲያስገባለት በሁለት ጣቱ ብቻ ነበር የነካው። የሟች ልጅ ከበርሜሉ ተነሳች፤ ባሏ ሊደግፋት ሲል እጁን አየና ወደ ኋላ አለ። እሷ ግን ያን ጥቁር ቱታ እንዳለ አቀፈችው፤ ሆዷ መሀላቸው ገብቶ አላጠጋጋቸውም፣ እሷም አልለቀቀችውም።

የእስረኛ መኪናው ሾፌር በሩን ከፈተ። «ይግቡ እሜቴ፣ ጣቢያ ላድርስዎት።»

ወንድምየው ከተቀመጠበት የኋላ ወንበር የሽቶው ሽታ እየወጣ ነበር። መርማሪዋ አንድ እግሯን አስገብታ መልሳ አወጣችው።

«ከዚህ ጋር? በእግሬ እሄዳለሁ።»

አማቹ እስከ በሩ ተከትሏት መጣ። ሊያመሰግን እጁን ዘረጋና መዳፉን ሲያይ አፈረ፤ ቱታው ላይ ቢጠርገው ይብስ ጠቆረ።

«እጄ ቆሻሻ ነው፣ እሜቴ።»

«አይቼዋለሁ» አለችና ጨበጠችው።

የመንገዱን ግማሽ ከሄደች በኋላ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ይከረፋል፤ ያ የገማ እንቁላል፣ ያ የተለበለበ ፀጉር። ፊቷን አጨማደደች። መሀረቧን ግን አላወጣችም።